እንደገና የሚሠሩ አስፈሪ ፊልሞች ማንን እንድንፈራ ያስተምሩናል?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጫግኒ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ክርክር ነው። ጫግኒ በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእሁድ አምልኮ በኋላ ከጥቂት የወጣቶች ኅብረት አባላት ጋር ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ወሬው ከመዝሙር ልምምድ ተነሥቶ ሳናስበው ፊልም ላይ ደረሰ። አንዱ ወጣት በስልኩ ስለጫነው አስፈሪ ፊልም አወራና «አዲሱ ከድሮው በጣም ይበልጣል» አለ። ሌላው «የድሮውን ሳታይ በምን አወዳደርከው?» ብሎ ያዘው። አንዲት እኅት ደግሞ «አማኞች ሆናችሁ ማየታችሁ ሳያንስ ትከራከሩበታላችሁ እንዴ?» አለች። አራተኛው ወጣት ምንም አልተናገረም። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሒሳቡን ከፈለና ተነሥቶ ወጣ። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ሁለት አጫጭር መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ኃጢአት ነው፣ ተወው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፊልም እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ወጣቱን ብቻውን ይተዉታል። የመጀመሪያው ተደብቆ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሳያስብ እንዲያይ ያደርገዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጉዳዩን ቀስ ብለን እንመልከተው። እነዚህ ፊልሞች ለምን እንደገና ይሠራሉ? የሚወዷቸው ሰዎች ስለ እነርሱ ምን ይላሉ? ከእኛ ሕይወትስ ጋር የት ላይ ይገናኛሉ? (ከዚህ በታች ለፊልሞቹ የተሰጡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ «ሪሜክ» ምንድን ነው?

አንድ ፊልም ከወጣ ከዓመታት በኋላ ያው ታሪክ በአዲስ አዘጋጅና በአዲስ ተዋንያን እንደገና ሲቀረጽ «ሪሜክ» ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ለምሳሌ «ኖስፌራቱ» የሚባለውን ደም መጣጭ ታሪክ ጀርመናዊው ሙርናው በ1922 ድምፅ በሌለው ፊልም ሠራው። ታሪኩ «ድራኩላ» ከተሰኘው ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ባለቤት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም የፊልሙ ቅጂዎች እንዲጠፉ አዘዘ። ይሁን እንጂ ጥቂት ቅጂዎች ተረፉ። በ1979 ቨርነር ሄርዞግ፣ በ2024 ደግሞ ሮበርት ኤገርስ እንደገና ሠሩት። እንዲጠፋ የተፈረደበት ታሪክ እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላም በሲኒማ ቤት ይታያል።

የፊልም ኩባንያዎች ወደ ድሮው ታሪክ የሚመለሱባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። አስፈሪ ፊልም ውድ ተዋናይና ትልቅ ከተማ አይፈልግም፤ አንድ ጨለማ ቤትና ጥቂት ወጣቶች ይበቁታል። በ1978 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ወደ 325 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በ1974 የተሠራው «ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር» በ2003 እንደገና ሲሠራ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ወጥቶበት ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገኘ።

ሁለተኛው ስም ነው። የታወቀ ስም ያለው ፊልም ማስታወቂያው ግማሽ በግማሽ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ሦስተኛው የትውልድ ለውጥ ነው። የዛሬ ወጣት ጥቁርና ነጭ ፊልም ለማየት ትዕግሥት ላይኖረው ይችላል።

አራተኛው የአገር ድንበር ነው። በ1998 በጃፓን የተሠራውን «ሪንጉ» ብዙ ምዕራባዊ ተመልካች አላየውም ነበር፤ በ2002 «ዘ ሪንግ» ተብሎ በአሜሪካ ሲሠራ ግን በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

የፊልም ወዳጆች ምን ይላሉ?

እነዚህን ፊልሞች አዘውትረው የሚያዩ ሰዎች አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። ክርክራቸውን ስንሰማ ግን ብዙ ቁም ነገር እናገኝበታለን።

1. «ብዙ ባሳየ ቁጥር ማስፈራቱ ቀነሰ»

ይህ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ቅሬታ ነው። በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ የሠራው «ሳይኮ» ጥቁርና ነጭ ነው። ሁሉም የሚያስታውሰው የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ላይ ቢላዋው ሰውነት ሲቆርጥ በግልጽ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ደም ሆኖ የፈሰሰውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። የተመልካቹ አእምሮ የቀረውን ሞላው። በ1998 ጋስ ቫን ሳንት ያንኑ ፊልም ምስል በምስል እየተከተለ በቀለም ሠራው። 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፤ ያስገባው ግን 40 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ምስሉ ሁሉ ተገልብጧል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ አልመጣም።

2. «ክፋትን ሲያብራሩት ሌላ ነገር ሆነ»

በ1978ቱ «ሃሎዊን» ጭንብል የለበሰው ገዳይ ለምን እንደሚገድል ፊልሙ አይናገርም። በ2007 ሮብ ዞምቢ እንደገና ሲሠራው የገዳዩን የልጅነት ሕይወት፣ ቤተሰቡንና የደረሰበትን በደል በሰፊው አሳየ። አንዳንዶች «ጥሩ ነው፣ ሰው እንዴት ክፉ እንደሚሆን አሳየን» አሉ። ብዙዎች ግን «ምክንያቱን ስታውቀው ታዝንለታለህ እንጂ አትፈራውም» ብለው ተቃወሙ። በ2018 የወጣው ሌላ «ሃሎዊን» በመካከል የተሠሩትን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ከ1978ቱ ታሪክ ቀጠለ።

3. «አንዳንዱ ሪሜክ ከቀድሞው ይሻላል»

ይህም እውነት ነው። በ1951 ከበረዶ ውስጥ ስለተገኘ ባዕድ ፍጡር የተሠራውን ፊልም ጆን ካርፔንተር በ1982 «ዘ ቲንግ» ብሎ እንደገና ሠራው። ፊልሙ ሲወጣ ተቺዎች አጣጣሉት፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ዛሬ ግን ከምርጦቹ አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። በ1958 የተሠራው «ዘ ፍላይ»ም በ1986 በዴቪድ ክሮነንበርግ እንደገና ተሠርቶ ከቀድሞው ይልቅ ተወደደ። የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው፤ የድሮውን ከመገልበጥ ይልቅ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው መጡ።

4. «እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ፍርሃት ይሠራል»

ሰዎች በእንቅልፋቸው ሳሉ በሌላ ፍጡር ስለሚተኩበት ከተማ የሚናገር አንድ ታሪክ አለ። በ1956፣ በ1978፣ በ1993 እና በ2007 አራት ጊዜ ተሠርቷል። በ1956ቱ ውስጥ ብዙዎች የኮሚኒዝምን ፍርሃት አይተውበታል፤ ሌሎች ደግሞ «ሁሉም እንደ እኔ ያስብ» የሚለውን የራሳቸውን ማኅበረሰብ አይተውበታል። ታሪኩ ያው ነው፤ «ጎረቤቴ እውነት ጎረቤቴ ነውን?» የሚለው ጥርጣሬ ግን በየዘመኑ ሌላ ፊት ያገኛል።

5. «አዲስ ታሪክ ስጡን»

በ2023 የወጣውና የ1973ቱን «ዘ ኤክሶርሲስት» ተከትሎ የተሠራው ፊልም ለዚህ ምሳሌ ነው። ኩባንያው ለመብቱ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደከፈለ ተዘግቦ ነበር፤ ፊልሙ ግን በተመልካችም በተቺም ዘንድ ስላልተወደደ የታቀደለት ቀጣይ ክፍል ቀረ። በአንጻሩ በ2025 የወጣው የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ሪሜክ አይደለም። ታሪኩ በ1932 በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ የሚፈጸም ሲሆን የአንድ ሰባኪ ልጅ በአባቱ ቤተ ክርስቲያንና በሚወደው ሙዚቃ መካከል ሲጨነቅ ያሳያል። ደም መጣጮቹ የሚመጡት በዚህ መካከል ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ብዙ የፊልም ወዳጆች «አዲስ ታሪክም ይሸጣል ማለት ነው» ብለው ተደሰቱ። እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ልናስተውል ይገባል፤ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ወጣት ጥያቄውን ሲኒማ ውስጥ አግኝቶታል። በእኛ ዘንድስ የሚጠይቅበት ቦታ አለውን?

እንግዲህ ከእነዚህ አምስት አስተያየቶች አንድ ነገር እንረዳለን። አስፈሪ ታሪክ ሲወራ «የምትፈራው ይኸውልህ» ብሎ ወደ አንድ ነገር ጣቱን ይቀስራል። ታሪኩ እንደገና ሲሠራም ጣቱ ወደ ሌላ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አማኝ ሊጠይቅ የሚገባው «ያስፈራል ወይስ አያስፈራም?» ብቻ አይደለም። «ማንን እንድፈራ ያስተምረኛል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ

ፊልም በአገራችን ገና ከጅምሩ ከፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ከሰይጣን ሥራ ሌላ ሊመስለው አልቻለም። ዛሬ በዚህ እንስቃለን። ነገር ግን ያው መሣሪያ ለወንጌልም አገልግሏል። በ1979 የተሠራው የኢየሱስ ፊልም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተተርጉሞ፣ አንሶላ ተዘርግቶና ጀኔሬተር ተነሥቶ፣ በየገጠሩ ታይቷል። ስለዚህ ነገሩ መሣሪያው አይደለም፤ የሚናገረው ነው።

በየከተማው ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጥቁር መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የተለጠፈ የፊልም ፎቶ። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ ተሸጋገርን። ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ የሚያሳያቸው «ትርጉም ፊልሞች» በስልክ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ተራኪው አንዳንድ ጊዜ ያሳጥራል፣ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ይጨምራል። ሰው ሲታረድ እንኳ የሚያስቅ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። በዚህ መንገድ አንድ የጃፓን ታሪክ በአሜሪካ ተሠርቶ፣ በአማርኛ ተተርኮ ጫግኒ ሲደርስ ለሦስተኛ ጊዜ እንደገና ተሠርቷል ማለት ነው። ወጣቱም የመጨረሻውን ብቻ ስለሚያይ የመጀመሪያው መኖሩን አያውቅም።

በአማርኛ የሚሠሩ ፊልሞች በአመዛኙ የፍቅርና የአስቂኝ ታሪኮች ናቸው፤ አስፈሪ ፊልም በመካከላቸው ጥቂት ነው። ይህ ማለት ግን አስፈሪ ታሪክ የለንም ማለት አይደለም። አለን፤ የምንሠራው ግን በካሜራ ሳይሆን በአፍ ነው። ልጅ ሆነን ማታ ምድጃ ዳር ስለ ቡዳ ያልሰማን ማን ነው? ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው፣ በዓይኑ ሰው ስለሚበላው ስንሰማ ወደ ውጭ ለመውጣት እንፈራ ነበር። ይህ ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በየትውልዱ እንደገና ተሠርቷል። ማንም አዘጋጅ አላስፈለገውም።

ታዲያ ይህ ታሪክ ጣቱን የቀሰረው ወደ ማን ነበር? ወደ ቀጥቃጩ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ፣ ወደ ሸማኔው ነበር። ማረሻችንን የሠራልን፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችልን ጎረቤታችን የተረቱ ጭራቅ ተደረገች። ልጆቿን ማግባት ተፈራ፤ ከእርሷ ጋር መብላት ተፈራ። ሰው ሲታመም ተጠረጠረች። በፊልም ውስጥ ጭራቁ ጭንብሉን አውልቆ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእኛ ታሪክ ግን ጭራቅ የተባለው ሰው ስሙን ተሸክሞ እስከ መቃብሩ ኖሯል።

ፍርሃትን ለሌላ ማስተላለፍ

ከላይ ወደ ጠቀስኩት «ዘ ሪንግ» ልመለስ። በታሪኩ ውስጥ የተረገመ የቪዲዮ ካሴት አለ። ያየው ሰው በ7 ቀን ይሞታል። ከሞት የሚተርፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ማሳየት። እርግማኑ ከእርሱ ላይ ይነሣና ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብዙ የፊልም ወዳጆች ከፊልሙ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራቸው ይህ እንደሆነ ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው ራሱን ለማዳን ሞትን ለባልንጀራው ሲያቀብል ከማየት የበለጠ ምን ያስፈራል?

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ከእኛ የራቀ ይመስልሃልን? በስልክህ «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ ክፉ ነገር ይደርስብሃል» የሚል ጽሑፍ ደርሶህ አያውቅምን? ብዙ ጊዜ የመስቀል ምስል ወይም የጌታ ስም ይለጠፍበታል። አንዳንድ አማኞችም «ለማንኛውም» እያሉ ያስተላልፉታል። ይህ ያው የተረገመው ካሴት ነው፤ መልኩን ብቻ ቀይሯል። ስለ ጎረቤት ወይም ስለ ሌላ ወገን የሚነዛ ያልተጣራ አስፈሪ ወሬም እንዲሁ ነው። የሰማው ሰው ፍርሃቱን ብቻውን መሸከም ስለሚከብደው ለሌላው ያቀብለዋል፤ ያ ደግሞ ለሌላው።

ወንጌል የሚነግረን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 3፥13 ክርስቶስ እርግማናችንን በራሱ ላይ እንደወሰደ ያስተምረናል። እርሱ ለሌላ አላቀበለውም። እርግማኑ እርሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ስለዚህ የክርስቶስ የሆነ ሰው ፍርሃትን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሳይሆን ፍርሃት እርሱ ጋ ሲደርስ የሚቆምበት ሰው ሊሆን ተጠርቷል።

ሰይጣንን የሚያሳዩ ፊልሞችስ?

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ለብዙ ምዕራባዊ ተመልካች አጋንንት የፊልም ጨዋታ ናቸው። ከእኛ ምእመናን መካከል ግን ከጠንቋይ ቤት የወጡ፣ ከዛር እስራት ጌታ የፈታቸው ወገኖች አሉ። ለእነርሱ ይህ ጨዋታ አይደለም። ትናንት የተዘጋ ቁስል ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ እውቀት ያለው ሰው በነጻነቱ የደካማውን ሕሊና እንዳያቆስል ያሳስባል። አንተ እየሳቅህ የምታየው ነገር አጠገብህ ለተቀመጠው ወንድም ምን እንደሚያስታውሰው ታውቃለህን?

እነዚህ ፊልሞች ስለ እምነታችን የሚሰጡትን ትምህርትም መመርመር ይገባናል። ለምሳሌ በ1976 የወጣውና በ2006 እንደገና የተሠራው «ዘ ኦመን» የሐሰተኛውን ክርስቶስ ልጅነት የሚናገር ታሪክ ነው። ሪሜኩ ሆን ተብሎ በ2006 በ6ኛው ወር በ6ኛው ቀን ወጣ፤ በራእይ 13፥18 ያለው ቁጥር የገበያ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በፊልሙ ውስጥ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ መስሎ የሚቀርብ ስንኝ አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን የለም፤ ለፊልሙ የተጻፈ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን የማያነብ አማኝ ይህን ስንኝ እንደ ትንቢት ይዞ ቢቀር ጥፋቱ የማን ነው?

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2005 የወጣው «የኤሚሊ ሮዝ» ፊልም አዘጋጅ ስኮት ዴሪክሰን ክርስቲያን ነው፤ ፊልሙም በፍርድ ቤት ክርክር መልክ ተመልካቹን «መንፈሳዊው ዓለም በእውነት ቢኖርስ?» ብሎ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ክፉውን ከእግዚአብሔር ጋር እኩል አድርገው የሚያሳዩ፣ ጸሎትን ዋጋ ቢስ አድርገው የሚስሉ አሉ። ልዩነቱን ለማወቅ መመዘኛ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አስፈሪውን ነገር አይደብቅም። መሳፍንት 19ን ያነበበ ያውቀዋል። ነገር ግን አተራረኩን ተመልከቱ። በማርቆስ 5 በመቃብር መካከል ይኖር የነበረ ሰው አለ። ሰንሰለቱ፣ ጩኸቱ፣ ራሱን በድንጋይ መቧጨሩ ሁሉ ተጽፏል። አንድ የፊልም አዘጋጅ ቢያገኘው ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጩኸቱ ጋር ያቆየን ነበር። ወንጌላዊው ግን ወደ ሌላ ምስል ያደርሰናል፤ ሰውየው ልብስ ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት ተቀምጧል፤ ከዚያም ወደ ቤተ ሰዎቹ ይላካል። የሚገርመው የአገሩ ሰዎች የፈሩት ይህን ሲያዩ ነው። ሌጌዎኑን ለምደውት ነበር፤ ያስፈራቸው የተፈወሰው ሰው ነው!

ዝም ብሎ ስለወጣው ወጣት

አሁን ስለ አራተኛው ወጣት ልንገራችሁ። ሻዩን ትቶ የወጣው ተቆጥቶ አልነበረም። በኋላ እንደሰማሁት ቤተሰቡ ከመተከል የመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን በግድያና በቃጠሎ ምክንያት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በጫግኒ ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን ተጠልለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እርሱ ያኔ ልጅ ነበር። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው በሌሊት ሲሮጥ አይቷል። «አዲሱ ከድሮው የበለጠ ደም አለው» የሚለው ክርክር ለእርሱ የፊልም ክርክር አልነበረም።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። በጠረጴዛው ዙሪያ ስለ ፊልም ሁሉም አስተያየት ነበረው፤ ከእኛ ጋር የተቀመጠው ሰው ምን እንዳየ ግን አልጠየቅንም። የፊልም ወዳጆቹ «ብዙ ባሳየ ቁጥር ማስፈራቱ ቀነሰ» የሚሉት እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። ደም በስክሪን ላይ ለመዝናኛ ደጋግሞ ያየ ዓይን እውነተኛውን ሲያይም «ለምጄዋለሁ» ሊል ይችላል። ዜና ላይ የወገኑ ሬሳ ሲታይ ጣቱ ወደ ቀጣዩ ምስል ያልፋል። ከፍርሃት ይልቅ የምፈራው ይህን ነው፤ አለመፍራትን፣ አለማዘንን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሕግ ለማውጣት አልመጣሁም። ሮሜ 14 እያንዳንዱ በልቡ እንዲረዳና ለጌታ መልስ እንዲሰጥ ያስተምረናል። ቢሆንም የሚከተሉትን ነጥቦች አብረን ብናስብ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሕፃናትን እንጠብቅ። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሁሉ በሚተኛበት ቤት ታላቅ ወንድም በስልኩ የሚያየውን የ5 ዓመቷ እኅቱም ታየዋለች። ሌሊት እየጮኸች የምትነቃው ለምን እንደሆነ እናቷ ላታውቅ ትችላለች። ትልልቆቹ ነጻነት አለን ካልን የልጆቹ እንቅልፍ ኃላፊነታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ከማየታችን በፊትም ካየን በኋላም ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ይህ ፊልም ማንን እንድፈራ ያስተምረኛል? የሚሞተውን ሰው እንደ ሰው ያሳየኛል ወይስ እንደ ሥጋ? በመጨረሻ የቀረልኝ ምንድን ነው፣ ተስፋ ነው ወይስ ጨለማ? በፊልጵስዩስ 4፥8 የተዘረዘረው መመዘኛ ለዚህ ይረዳናል። እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ያቃተው ፊልም ባይታይ የሚቀርብን የለም።

ሦስተኛ፣ የእንቅልፋችንንና የጸሎታችንን ሁኔታ እንመልከት። ካየህ በኋላ መብራት ማጥፋት የሚያስፈራህ ከሆነ፣ ለመጸለይ ስትንበረከክ ምስሉ የሚመጣብህ ከሆነ፣ ማንም ሳይነግርህ መልሱን አግኝተሃል። ማቆም ፈሪነት አይደለም።

አራተኛ፣ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ወጣቶቹን «ሰይጣን ቤት ገቡ» ብለን ከማባረር ይልቅ እንቀመጥና እንስማቸው። አንድ የኅብረት ምሽት ለዚህ ውይይት ቢሰጥ ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም «ፊልም እኮ ነው» ብላችሁ አትሸሹ። አንድ ፊልም ከሌላው ለምን እንደሚሻል ይህን ያህል መመርመር ከቻላችሁ ነፍሳችሁን ምን እንደሚመግባት መመርመር አያቅታችሁም።

አምስተኛ፣ ከአፋችን የሚወጣውን አስፈሪ ታሪክ እንመርምር። ፊልም ያላየች እናት ስለ ቡዳ ለልጇ የምትነግረው ታሪክ ከየትኛውም ፊልም ይልቅ ጎረቤት ሊጎዳ ይችላል። ይህን ታሪክ እንደገና የማይሠራ ትውልድ እንሁን። ከቀጥቃጩ ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ ጌታ እራት መካፈል የድሮውን ፍርሃት ያፈርሰዋል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 2 ቁጥር 14 እና 15 ጌታ የመጣው ሞትን በመፍራት በባርነት የተያዙትን ነጻ ሊያወጣ እንደሆነ ይነግረናል። ነጻ የወጣ ሰው ፍርሃትን ለመዝናኛ መግዛት አያስፈልገውም፤ ለሌላው መሸጥም አያስፈልገውም። የፊልም ኩባንያዎች የድሮውን ፍርሃት አዲስ ልብስ እያለበሱ ይቀጥላሉ፤ ገበያው እስካለ ድረስ አያቆሙም። እኛ ግን ፍርሃቱ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደምናደርገው መምረጥ እንችላለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ያ ወጣት ወደ ኅብረቱ መጣ። ማንም ስለ ፊልም አላነሣም። አጠገቡ የተቀመጠው ያ «አዲሱ ይበልጣል» ያለው ልጅ ነበር። «ሻይ እንጠጣ?» ሲለው ሰማሁት። አብረው ወጡ።

ጌታ ሁላችሁንም ይባርካችሁ።